የዲዛየር ኋላዋ ለምንድነው እንደዛ የተቆረጠው? ታሪኳን የሚያውቅ ካለ

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች እንዴት ናችሁ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ተጋግዘን አንድ ሱዙኪ ዲዛየር ልንገዛ ነው ኢንሻአላህ፣ ለቤተሰብ ማለት ነው፣ እናታችን በወር ሁለቴ ለህክምና ደሴ ትወጣለች እና ሚኒባስ ላይ ተጨናንቃ ስትሄድ ጉልበቷን እያመማት ስለሆነ በቃ ያለንን አሰባስበን እንግዛ አልን።

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሁለት ዲዛየር ጎን ለጎን ቆመው አየሁ። አንዷ የ2009 ሞዴል ናት፣ ሌላዋ የ2019። ቆሜ እያየሁ ገረመኝ፣ አሮጌዋ ኋላዋ ረዘም ያለ ነው፣ ዕቃ መጫኛዋም ሰፊ ነው፣ አዲሷ ግን ከኋላ መስታወቱ በኋላ ድንገት በመጋዝ ቁርጥ የተደረገች ነው የምትመስለው። መኪና ሞዴሉ በታደሰ ቁጥር ያድጋል እንጂ ያጥራል እንዴ? ኮሮላን እዩት፣ ከድሮው የአሁኑ ስንት ጊዜ ነው የሚበልጠው።

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ኮሮላ ዲኤክስ የነዳ ሰው ነው፣ "ብረት ቆጥበው ነው ልጄ፣ ግማሽ መኪና ነው የሸጡላችሁ" አለኝ። እኔ ግን ሌላ ምክንያት ያለው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ፊት ለፊቷ ተጨንቀው ነው የሰሯት፣ ውስጧም ቆንጆ ነው፣ ኋላዋ ላይ ሲደርሱ ብቻ የሆነ ነገር የከለከላቸው ይመስላል። ታሪኳን የሚያውቅ ሰው ካለ ቢያስረዳኝ። እግረ መንገዳችሁን ደግሞ አምስት ሰው ጭና ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሀረጎን ዳገት ትወጣለች ወይ የሚለውንም ንገሩኝ።


ጦሳ ስር (ደሴ)

ወንድሜ ዓይንህ አልተሳሳተም፣ በእውነት የከለከላቸው ነገር አለ። ህግ ነው የከለከላቸው፣ የህንድ የታክስ ህግ። እኔ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፣ መኪናዋን ከመግዛቴ በፊት ይሄ ነገር እንዳንተ ከንክኖኝ ብዙ አንብቤበታለሁ እና ረዘም አድርጌ ብነግርህ አትሰልች።

ነገሩ የሚጀምረው ከስዊፍት ነው። ስዊፍት ኋላ የሌላት ትንሿ ሱዙኪ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ህንድ ገበያ ገባች እና ህዝቡ በጣም ወደዳት። ግን የህንድ ገዢ ከኛ ሰው ብዙ አይለይም፣ ትንሽ ብር ከያዘ ኋላ ያላት መኪና ነው የሚያምረው፣ ቤተሰብ ይዞ አገር ቤት ሲሄድ ሻንጣውን የሚከትበት፣ ሰርግ ላይም ሲቆም ሙሉ መኪና የምትመስል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2008 ላይ የስዊፍትን ኋላ አስረዝመው ዕቃ መጫኛ ጨመሩላትና ዲዛየር አሏት። ስሟ ምኞት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው ፊደሉን ትንሽ ቀይረው የወሰዱት። ያቺ የመጀመሪያዋ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ16 ሳንቲም ነበር፣ ዕቃ መጫኛዋ 440 ሊትር። ሰኞ ገበያ ያየሃት አሮጌዋ እሷ ናት።

አሁን ህጉ ጋ እንምጣ። የህንድ መንግስት እ.ኤ.አ. በ2006 በጀት ላይ ለትንንሽ መኪና ኤክሳይዝ ታክሱን ከ24 በመቶ ወደ 16 በመቶ አወረደው፣ ትንሽ መኪና ማለት ምን ማለት እንደሆነም በቁጥር አስቀመጠ፣ ርዝመቷ ከ4 ሜትር የማያልፍ፣ ሞተሯ ቤንዚን ከሆነ ከ1200 ሲሲ ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ከ1500 ሲሲ የማይበልጥ። ከዛ መስመር አንዲት ሳንቲም ካለፍክ የትልቅ መኪና ታክስ ትከፍላለህ። መጀመሪያ የነቃበት ታታ የሚባለው የህንድ መኪና ሰሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ላይ ኢንዲጎ የምትባለውን ሴዳኑን ኋላዋን ቆርጦ ከ4 ሜትር በታች አወረዳት እና ሲኤስ ብሎ ሸጣት። ዲዛየር ግን በሁለቱም በኩል መስመሩን አልፋ ነው የተወለደችው፣ ርዝመቷም አልፏል፣ የቤንዚን ሞተሯም 1300 ሲሲ ነበር።

ከዛ በሁለት ደረጃ ነው ያስተካከሏት። እ.ኤ.አ. በ2010 ሞተሩን 1197 ሲሲ በሆነው ቀየሩት፣ ርዝመቷ ግን እንዳለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ሁለተኛዋ ዲዛየር ስትወጣ ኋላዋን ቆረጡት፣ 3 ሜትር ከ99 ሳንቲም ከግማሽ! ከመስመሩ ግማሽ ሳንቲም ብቻ ነው የቀራት፣ እኔ ይሄን ሳነብ ነው ነገሩ ሁሉ የገባኝ። ሰው ለውበት ቢሰራት እንዲህ ያለ ቁጥር ላይ አትቆምም ነበር።

ግን አንድ ነገር ልብ በል፣ አጎትህንም ንገራቸው፣ የቆረጡት ከሰው መቀመጫ አይደለም። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት በመጀመሪያዋ 2 ሜትር ከ39 ነበር፣ በተቆረጠችው 2 ሜትር ከ43 ሆነ፣ በሦስተኛዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 2 ሜትር ከ45 ደረሰ። ስለዚህ ኋላ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ቦታ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ዕዳውን ሙሉ በሙሉ የከፈለው ዕቃ መጫኛው ነው፣ ከ440 ሊትር ወደ 316 ወረደ፣ በኋላ በሦስተኛዋ ትንሽ አሻሽለውት 378 አደረሱት፣ ርዝመቷ ግን እዛችው 3 ሜትር ከ99.5 ላይ ነው። የናትህ ጉልበት የሚያማት ከሆነ ይሄ ለናንተ ጥሩ ዜና ነው።


የሮቢት ልጅ (ደሴ)

ታሪኩ ጥሩ ነው ግን ሰዎች አትሸወዱ ለማለት ነው፣ ሱዙኪ ስላላችሁት የጃፓን መኪና እንዳይመስላችሁ። የህንድ ስሪት ናት፣ ቆርቆሮዋ ስስ ነው፣ በር ስትዘጋው ድምጹ ራሱ ይናገራል። እኔ በዛ ብር ያገለገለች የጃፓን ቪትዝ ነው የምገዛው፣ ሃያ ዓመት ነድተህ ወይ ፍንክች።


ጦሳ ስር (ደሴ)

የሮቢቱ፣ ህንድ መሰራቷ እውነት ነው፣ ማኔሳር የሚባል ከዴልሂ ብዙ የማይርቅ ቦታ ነው የምትሰራው፣ በኋላ ጉጃራትም ጨምረዋል። ቦርከና ማዶ አንተም ስትገዛ ሻንሲ ቁጥሩን እየው፣ የህንድ መኪና ብዙውን ጊዜ በኤም ፊደል ነው የሚጀምረው፣ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳክር።

ግን ህንድ ስለተሰራች መጥፎ ናት የሚለውን አልቀበልም። ዲዛየርን የሚሰራት ማሩቲ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲቋቋም የህንድ መንግስት ድርጅት ነበር፣ ሱዙኪን አጋር አድርጎ ገባ እና እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ማሩቲ 800 የምትባለውን ትንሽ መኪና አወጣ፣ ያቺ መኪና ስንቱን የህንድ ቤተሰብ ነው ከሞተር ሳይክል ላይ አውርዳ መኪና ውስጥ ያስገባችው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሱዙኪ አብዛኛውን ድርሻ ያዘ። ስለዚህ ዲዛየር ስትወጣ እነዚህ ሰዎች 25 ዓመት ሙሉ የድሃ አገር መንገድን፣ የድሃ አገር ኪስን ሲያጠኑ የኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ህንድ ውስጥ ከተሸጡት መኪኖች ሁሉ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት፣ ኋላ ከሌላቸው ከሃችባኮቹም በልጣ። ለታክሲ ብቻ ብለው ቱር የሚባል ለብቻዋ የሚሸጥ ሞዴልም አላት።

ስለ ቆርቆሮው ያልከው ግን ግማሽ እውነት አለው እና ልሸፋፍንልህ አልፈልግም። ሦስተኛዋ ከሁለተኛዋ ከ80 ኪሎ በላይ ቀላለች፣ ጠንካራ ብረት ተጠቅመው ነው ያቀለሏት፣ ለነዳጁ በጣም ጠቅሟታል፣ ግን በአደጋ ሙከራ የዛው ቤተሰብ የሆነችው የህንዷ ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ከአምስት ኮከብ ሁለት ብቻ ነው ያገኘችው። አራተኛዋ ዲዛየር እ.ኤ.አ. በ2024 ህዳር ላይ ስትወጣ ነው አምስት ኮከብ ያገኘችው፣ ለማሩቲ የመጀመሪያው ነው፣ እሷ ሞተሯ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሆኗል፣ ሲሲው ግን ያው 1197። አሁንም መስመሩን አልለቀቁም አየህ።


ጋራዥ ሰው (ደሴ ፒያሳ)

ልጆች ሰላም ናችሁ። እኔ መካኒክ ነኝ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሰርቻለሁ፣ ስለ ህንድ ህግ ያወቅኩት ዛሬ ከዚች ልጅ ነው እግዜር ይስጣት፣ ስለ ሀረጎ ግን እኔ ልመልስ።

ቦርከና ማዶ ልጄ፣ ትወጣለች። ግን አወጣጡን ማወቅ አለብህ። ያቺ የ2019ኟ ሞተሯ ወረቀቱ ላይ 83 ፈረስ ጉልበት ነው፣ ያ የተለካው ግን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺው ሜትር አስር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል ብለህ ያዝ። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2500 ትጠጋለች። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ስትነሳ 68 አካባቢ ፈረስ ይዘህ ትነሳለህ፣ ደሴ ስትገባ 62 ብትይዝ ነው። አምስት ሰውና ዕቃ ሲጨመርባት ያንን በእጅህ ላይ ታውቀዋለህ፣ መኪናዋ የታመመች ይመስልሃል፣ አልታመመችም፣ አየር ነው ያጣችው። ብዙ ሰው እዚህ ጋራዥ መጥቶ ካንዴላ ቀይርልኝ ነዳጅ ፓምፕ እይልኝ ይለኛል፣ ከፍቼ አየዋለሁ ምንም የለባትም፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ኤሲ ከፍቶ በአራተኛ ማርሽ ሀረጎን ሊወጣ ሞክሮ ነው።

ሲወጣ ኤሲውን ዝጋ፣ ማርሽ ቶሎ ቀንስ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ላይ ሞተሩ ድምጽ ቢያሰማ አትፍራ፣ ይችን ሞተር የሚጎዳት ድምጽ አይደለም፣ በከፍተኛ ማርሽ እየተንደፋደፈች መጎተቷ ነው። ስትወርድ ደግሞ ዋናው እሱ ነው፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሬን ረግጠው ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ልጆች አሉ፣ ታች ሲደርሱ የፍሬን ሸራው ሽታ ሰፈሩን ያውደዋል፣ እናትህን ይዘህ እንደዛ እንዳታደርግ አደራ።

አንድ የማትረሳው ነገር፣ አውቶማቲክ ናት ብለው ኤጂኤስ የምትባለዋን ካሳዩህ በደንብ ጠይቅ። እሷ እንደ ቶዮታዎቹ አውቶማቲክ አይደለችም፣ ያው ማንዋል ካምቢዮ ነው፣ ፍሪሲዮኑን በእግርህ ፋንታ ማሽን ነው የሚረግጥልህ። ለሜዳ ጥሩ ናት። ደሴ ግን ዳገት ላይ መቆም የማይቀር ነው፣ ዳገት ላይ ነዳጅ እየሰጡ ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች ፍሪሲዮኑን በወራት ውስጥ ይጨርሱታል። እጅ ፍሬን ተጠቀም፣ ወይ ማንዋሏን ግዛ። እኔን ከጠየቅከኝ ማንዋሏን።


ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

አላህ ይስጥልኝ አያ፣ የናቴን ነገር አስበው ስለነገሩኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ጦሳ ስር እህቴ አንቺም እንዲህ ቁጭ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ለአጎቴ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማና "እና እኛ አገር ማን አመጣት ታድያ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከጥቂት ዓመት በፊት እዚህ ቪትዝ ነበር የሞላው፣ አሁን ኮምቦልቻ መሃል ከተማ ብትቆሙ ዲዛየር ነው የሚያልፈው። ይሄስ ምንድነው ምክንያቱ?


ጦሳ ስር (ደሴ)

አጎትህ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቁት፣ መልሱ ደግሞ ያው ታክስ ነው፣ አሁን የኛው ታክስ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ1300 ሲሲ የማይበልጥ አዲስ መኪናን ከ30 በመቶ ወደ 5 በመቶ አወረደው፣ በላዩ ያለው እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ ሆነ፣ ከዛ በላይ 100። ያገለገለ ላይ ግን በየዕድሜው እየጨመረ ነበር የሚሄደው፣ በጣም ያረጀው ከ400 በመቶ በላይ ይገባ ነበር። የቪትዝ ዘመን ያበቃው እዛ ጋ ነው፣ ምክንያቱም እነሱ ከአስር ዓመት በላይ የተነዱ ሆነው ነበር የሚገቡት። በአንድ ጊዜ አዲስ የሆነች፣ ሞተሯ ትንሽ የሆነ፣ ዋጋዋም ከመነሻው የማይከብድ መኪና ስትፈልግ ማናት ቀድማ የምትመጣው? ለዴልሂ ታክስ ብለው 1197 ላይ ያቆሟት መኪና ለኛም 1300 ሳትደርስ ተገኘች። ስለኛ ማንም አስቦ አልሰራትም፣ ግን ልክክ አለች። እኔ ይሄን ሳስበው ሁሌ ይገርመኛል፣ ሰኞ ገበያ የቆመች መኪና ኋላዋን ህንድ ፓርላማ ውስጥ የተነበበ በጀት ነው የቆረጠው።

ከዛ ደግሞ ጥር 2016 ዓ.ም ላይ መንግስት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ አሁን ያሉት እዚሁ አገር ውስጥ ያሉት ናቸው፣ እጅ በእጅ ነው የሚዞሩት፣ ዋጋው ለምን አይወርድም ብለህ ከተናደድክ ምክንያቱ እሱ ነው። ቸኩለህ አትግዛ፣ የመጣችበትን እጅ ቆጥረህ ግዛ።


ሀይቅ ዳር

ሁለተኛዋን፣ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ማለት ነው፣ አራት ዓመት ነድቻታለሁ እና ስለ ዕቃ መጫኛው ልናገር። 316 ሊትር ወረቀት ላይ ብዙ ይመስላል፣ እኔ ከደሴ ወደ ሀይቅ ለቤት አስቤዛ ስጭን አንድ ጆንያ ጤፍ አጋድሜ ካስገባሁ በኋላ ሌላው ሁሉ ሰው እግር ስር ነው የሚገባው። የሦስተኛዋ 378 ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል፣ ጆንያዋና አንድ ሻንጣ አብረው ይገባሉ፣ የጓደኛዬን አይቻለሁ። በሌላ በኩል የኔዋ ከመሬት 17 ሳንቲም ከፍ ትላለች፣ ሦስተኛዋ 16.3 ናት፣ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን አምስት ሰው ይዘህ የሰፈር ኮብልስቶንና ጉብታ ላይ ስትሄድ ታች ስትነካ ልብህ ነው የሚነካው። ኋላ አሞርዛተሩን ሳታይ እንዳትገዛ፣ ሁልጊዜ ሰው ሲጫንባት የኖረች ከሆነች እዛ ጋ ነው ድካሟ የሚታየው። ነዳጅ ላይ ግን አላህ ይመስገን አንድም ቀን አላስጨነቀችኝም።


ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ወገኖች አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ጠዋት ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ። ሻጩ ጋ አጎቴን ይዤ ሄድኩ፣ የልብስ ሰፊ ሳይሆን የግንበኛ ሜትር ኪሱ ውስጥ ከቶ መጥቷል፣ ለኔም አልነገረኝም። ሰላምታ እንኳን ሳይጨርስ ወንድሜን የፊት መከላከያው ጋ አቆመው፣ እሱ ኋላ ሄደ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። "አራት ሜትር ልትሞላ ግማሽ ሳንቲም" አለ። ሻጩ ግራ ገብቶት ያየናል። ከዛ የኋላውን በር ከፍቶ ገባ፣ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ አስጠጋልኝ አለኝ፣ ጉልበቱን ዘረጋ፣ ረጅም ሰው ነው አጎቴ፣ ትንሽ ተቀምጦ ወጣ። "እህቴ እዚህ ጋ ይመቻታል" አለ፣ ስለ ግማሽ መኪና ሁለተኛ አላነሳም።

ማንዋል ናት፣ የ2019፣ ሻንሲዋ በኤም ይጀምራል፣ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አመሳክሬ አይቼዋለሁ። አሞርዛተሩን እኔ ስላልገባኝ ጋራዥ ሰው አያን በውስጥ መስመር አናግሬያቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ እንገናኝ ብለዋል። ሻጩ ተስማምቷል፣ ከኮምቦልቻ አምስት ሆነን ነው የምንወጣው፣ እናቴም ኋላ ትቀመጣለች፣ ኤሲ ተዘግቶ በሁለተኛና በሦስተኛ።